የሂንድሬክ ጥርስ

ባሕሩ የክረምቱን በረዶ ሲተፋ፣
በሬው ቀንበር ሳይለምድ፣ ገብሱ ሳይፋፋ፣
አንድ ሰው ከሉቤክ በመርከብ መጣና
ሂውማ ላይ ወረደ በጠዋት ደመና።
ዮአኪም ይባላል፤ ጃንጥላ አንግቷል፤
ሳያየን በፊት ግን ደብተር አሰምሯል።

ቅድመ አያቴ ሂንድሬክ ፈረስ አከራየው፣
ከአንዱ ዳር እስካንዱ ደሴቱን አሳየው።
ሂንድሬክ! የወሬ አባት፣ የገበያው ደስታ፣
ከቄሱ ጋር ሙግት፣ ከጥጃው ሰላምታ፤
እሱ ያለበት ጀልባ ዓሣም አፍ ያወጣል፣
እሱ ሲተርክ ካመሸ ገንፎ ቤት ያርራል።

ግን በዚያ ሳምንት፣ በግራ መንጋጋው፣
የኋለኛው ጥርሱ እንደ ምስማር ወጋው።
ጉንጩን በቀይ ሻርፕ ጠምጥሞ አሰረና
አራት ቀን ነዳለት በጭቃው ጎዳና፣
ቃል ሳይተነፍስ።

"ይህ ዛፍ ስሙ ማነው?"
"እም" አለ ሂንድሬክ።
"ባላባታችሁስ ደግ ነው ወይ ለእናንተ?"
"እም" አለ ሂንድሬክ።
"ባሕሩን ትፈሩታላችሁ?"
ሂንድሬክ ምራቁን ተፋ፤ ደም ነበረበት።
እንግዳው አላየም፤
አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር።

ገጽ ዘጠና አራት፦
"ይህ ሕዝብ እንደ ጥዱ ቆሞ የሚያደምጥ ነው፤
ነፋስ አስተምሮት ዝምታ ነው ዜማው።
ሐዘኑን አያወጣ፣ ደስታውን አይገልጥ።
ወንዱ ሁሉ ጉንጩን በቀይ ሱፍ ያስራል፤
ይህም ከጥንት ከአባቶቹ የወረሰው ነው።"

ከአርባ ዓመት በኋላ
ያኮብ ሊንድማ የሚባል የመንደር መምህር
ከባላባቱ ቤት ተውሶ አነበበው፤
አለቀሰም አሉ።
አትፍረዱበት።
እስከዚያ ቀን ድረስ ስማችን የሚገኘው
በርስቱ መዝገብ ነው፣ ከላሞቹ ቀጥሎ፦
"ሂንድሬክ፤ አንድ ፈረስ፤ የሁለት ዓመት ዕዳ።"
"ሕዝብ" ብሎ የጻፈን ያ ሰው ነው፣ ያ እንግዳ።

ያኮብ በኛ ቋንቋ፣ በሻማ ብርሃን፣ መለሰው፤
ልጆች በቃል አጠኑት፤
ሻርፑ የበዓል ልብስ ሆነ፣ የሙሽራ ጌጥ ሆነ፤
በበጋው ሜዳ ላይ
ሁለት ሺህ ሰው ቆሞ፣ በአራት ድምፅ ተከፍሎ፣
"ዝምተኞች ነን እኛ!" ብሎ ሲዘምር
ወፎቹ ከጫካው ተነሥተው ሸሹ።

በቤታችንም "ዝምተኛው ሂንድሬክ" ነበር ስሙ፤
ልጅ ሲያለቅስ ስሙን እየጠሩ ያስታግሡት ነበር።
እናቴን የቀበርን ዕለት
አባቴ ኮፍያውን ሲያሽከረክር ዋለ፤
"እንዲህ ነን እኛ" አለኝ፤ ሌላ ቃል አላለ።
እኔም በተራዬ፣ ታሊን ባቡር ጣቢያ፣
"ቆይ" የምትል አንዲት ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ይዤ
እንደ ጥድ ቆምኩ።
ኦስቫልድ በመስኮቱ አየኝ፣
"አይ የደሴት ልጅ!" አለ፤
አድንቆኝ ሄደ።

ባለፈው ኅዳር ግን፣ ታርቱ መዝገብ ቤት፣
አቧራው እያስነጠሰኝ፣
የአንድ ቀጥቃጭ ደብተር እጄ ገባ፦
"ለሂንድሬክ፣ ጥርስ መንቀያ፣ ሁለት ኮፔክ።
እናቴን ሰደበ፣ አባቴን ሰደበ፣ ጉጠቴንም ሰደበ፤
ከዚያ ተቀምጦ እስኪመሽ አወራ፤
ጃንጥላ ስለያዘ ስለ አንድ ጀርመናዊ ሞኝ።
ሻርፑን እኔ ዘንድ ረስቶ ሄደ። ሥራ አስፈታኝ።"

ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ጠባቂው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

በጀልባ ተሻግሬ ለአባቴ ነገርኩት፤
ጥርሱን፣ ደሙን፣ ሻርፑን፣
ገጽ ዘጠና አራትን፣ ቀጥቃጩን፣ ስድቡን፤
ጣቢያውንም ነገርኩት፤ ያን ለማንም አላወራሁም ነበር።
መረብ እየጠገነ ሰማኝ።
በምላሱ ጉንጩን ከውስጥ ገፋ አደረገ፣
አንድ ቋጠሮ ፈታ፣
አንድ ቋጠሮ አሰረ፣
"እም" አለ።